የገመድ አልባ ኢንተርኔት ሬዲዮ

የገመድ አልባ ኢንተርኔት ሬዲዮ የኢንተርኔት መረጃን በሬዲዮ ሞገድ የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ ነው። ፋይበር መዘርጋት ውድ ወይም አስቸጋሪ በሆነባቸው ቦታዎች ያገለግላል። በኢንተርኔት ከሚሰራጩ የሬዲዮ ጣቢያዎች ጋር ሊምታታ አይገባም።

ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1971 ሥራ የጀመረው አሎሃኔት በሃዋይ ደሴቶች የሚገኙ ኮምፒውተሮችን በሬዲዮ አገናኘ። በ1985 አሜሪካ በ2.4 እና በ5.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ያለ ፈቃድ መሥራት እንዲቻል ደነገገች። በ1997 የዋይፋይ መሠረት የሆነው 802.11 መስፈርት ወጣ። ቺፑ ለላፕቶፕ በብዛት ሲመረት ዋጋው ስለወረደ፣ ለረጅም ርቀት መሣሪያዎችም ዋለ።

የንድፍ ምርጫዎችና ወጪ

ቺፑ ርካሽ ስለሆነ አብዛኛው ወጪ የሚያርፈው በአንቴና፣ በምሰሶና በኤሌክትሪክ ላይ ነው።

ኃይልና አንቴና፦ የማስተላለፊያውን ኃይል በእጥፍ ማሳደግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። የዲሽን ዲያሜትር በእጥፍ ማሳደግ ግን 6 ዴሲቤል ይጨምራል፤ መላክንም መቀበልንም ያሻሽላል። ሆኖም ትልቅ ዲሽ ነፋስ ስለሚገፋው ጠንካራ ምሰሶ ይፈልጋል፤ አቅጣጫው ጥቂት ከተዛነፈም ግንኙነቱ ይዳከማል።

ድግግሞሽ፦ በ10 ኪሎ ሜትር ርቀት ሞገዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ 120፣ በ5.8 ደግሞ 128 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል። 2.4 በዚህ ቢበልጥም ቻናሎቹ ጥቂትና የተጨናነቁ ናቸው።

የእይታ መስመር፦ ሁለቱ አንቴናዎች መተያየት አለባቸው። በ10 ኪሎ ሜትር የ5.8 ጊጋኸርዝ ግንኙነት፣ መካከል ላይ በመስመሩ ዙሪያ 7 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። ዛሬ ክፍት የሆነውን መስመር ነገ ያደገ ባሕር ዛፍ ሊዘጋው ይችላል።

ኤሌክትሪክ፦ 8 ዋት የሚወስድ ሬዲዮ በቀን 192 ዋት ሰዓት ይፈጃል። ባለ 12 ቮልት የሊድ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች ሳይወርድ ለሦስት ደመናማ ቀናት እንዲያቆየው 100 አምፔር ሰዓት ገደማ መያዝ አለበት። ሬዲዮው 16 ዋት የሚወስድ ከሆነ ባትሪውም ሶላር ፓኔሉም እጥፍ ይሆናሉ። በዋጋ የሚረክሰው ሬዲዮ በአጠቃላይ ወጪ ሊወደድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

በኢትዮጵያ

የሬዲዮ ሞገድ አጠቃቀምን የሚቆጣጠረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ቀደም ሲል ወረዳኔትና ስኩልኔት የተባሉት የመንግሥት መርሐ ግብሮች ወረዳዎችንና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ለማገናኘት ሳተላይት ተጠቅመዋል። ሳተላይት ተራራ አያግደውም፤ ነገር ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሚቆም ምላሽ ለማግኘት ግማሽ ሴኮንድ ገደማ ይወስዳል።

በጮቄ ተራራ አካባቢ እንዳለችው ሮብ ገበያ ባሉ የጎጃም ደጋ ከተሞች የመሬቱ አቀማመጥ ምርጫውን ይወስናል። በመካከል ኮረብታ ካለ ወይ ረጅም ማማ መትከል፣ ወይ ኮረብታው ላይ መቀባበያ ጣቢያ ማቆም ያስፈልጋል። መቀባበያ ጣቢያው አጭር ምሰሶ ይበቃዋል፤ ነገር ግን የራሱ ሶላር፣ ባትሪ፣ የመብረቅ መከላከያና ጥበቃ ይፈልጋል። ብልሽት ሲያጋጥም ባለሙያ በክረምት ጭቃ ኮረብታውን መውጣት ስላለበት፣ የጥገና ወጪውም ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ይሰላል።