ሳይበላሹ የተነቀሉ ቺፖች

የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ 7400 ቺፕ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ሲስፋፋ፣ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን የኖረው ባለሙያ የለመደው መለኪያ ከዳው። ቺፑ 14 እግር አለው፤ 7ኛው ግራውንድ ነው፣ በ14ኛው 5 ቮልት ይገባል። ከመውጫ እግሮቹ የሚጠበቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ከ0.4 ቮልት ካልበለጠ «0»፣ ከ2.4 ካላነሰ «1»።

ችግሩ ምልክቱ በሰከንድ መቶ ሺህ ጊዜና ከዚያም በላይ መገለባበጡ ነው። ቮልት ሜትር ይህን መከተል ስለማይችል አማካዩን ያሳያል። ግማሹን ጊዜ 0.2፣ ግማሹን ጊዜ 3.4 ቮልት የሚያወጣ ጤነኛ እግር 1.8 ሆኖ ይነበባል። ቁጥሩ ከሁለቱም ወገን አይደለምና ቺፑ ተበላሽቷል ተብሎ ይነቀላል።

ኦሲሎስኮፕ እውነቱን ያሳያል፤ ግን ከባድም ውድም ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሂውሌት ፓካርድ እስክሪብቶ የሚያክል ሎጂክ ፕሮብ አወጣ። ጫፉ እግሩን ሲነካ መብራቱ ለ«1» ይበራል፣ ለ«0» ይጠፋል፤ በኋላ በወጡት ሞዴሎች ደግሞ ከሁለቱ መሀል ሲሆን ይደበዝዛል። ዓይን የማይዘውን ቅጽበታዊ ምት እንኳ አርዝሞ ብልጭ ያደርገዋል። ለጠጋኝ ይህን ያህል ውለታ የዋለ ቀላል መሣሪያ ማግኘት ይከብዳል።

ቢሆንም በስህተት የሚነቀሉ ቺፖች አልጠፉም። 7403ን የመሰሉ «ኦፕን ኮሌክተር» ቺፖች እግሩን ወደ ታች መጎተት እንጂ ወደ ላይ መግፋት አይችሉም። እግሩን ከ5 ቮልት ጋር የሚያገናኝ ሬዚስተር ከሌለ ትክክለኛ «1» አይገኝም፤ የጎደለው ሬዚስተር ሆኖ ሳለ ቺፑ ይወቀሳል። ፊሊፕስ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ያወጣው፣ ቺፖች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት አይ ስኩዌርድ ሲ መስመርም በዚሁ ዘዴ ስለሚሠራ፣ ስህተቱ ለቀጣዩ ትውልድ ተላለፈ።

የኦሲሎስኮፕ ፕሮብ ራሱም ምልክቱን ይነካል። ባለ 1 ኤክሱ (1X) ፕሮብ 100 ፒኮፋራድ የሚጠጋ ጭነት እግሩ ላይ ስለሚጥል ፈጣን ምልክት ይዝላል፤ ባለ 10 ኤክሱ ወደ 15 ገደማ ያወርደዋል። የግራውንድ ሽቦው ከረዘመ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የሚታየው መንቀጥቀጥ የሽቦው እንጂ የቺፑ ላይሆን ይችላል።

ከዚያ እግሮቹ ቀጠኑ፣ ተቀራረቡ፣ በኋላም ቺፑ ሆድ ሥር ገቡ፤ ፕሮብ የሚነካው አጣ። በ1985 የተሰባሰበው ጄታግ የተባለ ቡድን ያቀረበው መላ በ1990 አይ ትሪፕል ኢ 1149.1 የተባለ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በቺፑ ውስጥ ከየእግሩ አጠገብ አንዲት ሴል ትቀመጣለች፤ ሴሎቹ እንደ ሰንሰለት ተያይዘው በየእግሩ ያለውን «0» ወይም «1» ተራ በተራ ያወጣሉ። የቮልቱን መጠን ግን አይናገሩም፤ እሱን የሚፈልግ መሐንዲስ ዛሬም ሰሌዳውን ሲነድፍ ለፕሮብ የምትሆን የመለኪያ ነጥብ አስቀድሞ ይተዋል።