የሜትር አወላለድና የሦስት ሴኮንድ ልዩነት
(ለሳይንስ ትምህርት ስለ ልኬት የሚሰጠው ቁም ነገር)

በሳይንስ ትምህርት ተማሪው አስቀድሞ ከሚለማመዳቸው ተግባሮች አንዱ መለካት ነው። ርዝመትን በማስመሪያ፣ መጠነ ቁስን በሚዛን፣ የሙቀት መጠንን በቴርሞሜትር ይለካል። ይሁን እንጂ የተገኘው ልኬት ምን ያህል ሊታመን እንደሚችል መመርመሩ ቀርቶ፣ ቁጥሩ በመጽሐፍ ከተጻፈው ጋር መግጠሙ ብቻ የሚታይበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ልማድ የሚያስከትለውን ጉዳት ለመረዳት፣ ዛሬ በየክፍሉ የሚሠራበት ሜትር እንዴት እንደ ተገኘ መመልከት ይጠቅማል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዘመኖች በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. የሥራው አነሣሥ

የጥንቱ መለኪያ በየአገሩ ከሰው አካል የተወሰደ ነበር። በአገራችን ክንድ፣ ስንዝርና ጋት እንደ ለኪው አካል ይረዝማሉ ወይም ያጥራሉ። በፈረንሳይም መለኪያው ከከተማ ከተማ ይለያይ ስለ ነበር ንግድንና ግብርን አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። ከአብዮቱ በኋላ፣ በ1791፣ ከማንም ሰው አካልና ከማንም ንጉሥ ትእዛዝ ያልተወሰደ መለኪያ እንዲኖር ተወሰነ። ይኸውም በፓሪስ ላይ በሚያልፈው የኬንትሮስ መስመር ከሰሜን ዋልታ እስከ ምድር ወገብ ካለው ርቀት ከዐሥር ሚሊዮን አንዱ እጅ ሜትር እንዲባል ነው።

ርቀቱን በሙሉ መለካት ስለማይቻል፣ ከዱንኬርክ እስከ ባርሴሎና ያለው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን ክፍል ተለክቶ ቀሪው በስሌት እንዲገኝ ታሰበ። በ1792 ሁለት የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሥራውን ጀመሩ። ዣን ባፕቲስት ዴላምብር የሰሜኑን፣ ፒዬር ሜሼን የደቡቡን ክፍል ያዙ። የተጠቀሙበት ዘዴ አገሩን በሦስት ማዕዘኖች ሰንሰለት መቀየስ ነበር። በ1798 በሜላንና በፔርፒኛን አጠገብ ሁለት የመነሻ መስመሮች በፕላቲኒየም ዘንጎች ተለኩ። ከአንዱ መስመር ተነሥቶ በሦስት ማዕዘኖቹ አማካይነት የተሰላው የሌላው ርዝመት በቀጥታ ከተለካው ጋር ሲነጻጸር፣ ልዩነቱ ከግማሽ ሜትር በታች ሆኖ ተገኘ።

፪. የሜሼን ችግር

ሜሼን የባርሴሎናን ኬክሮስ ለማወቅ ከ1792 መጨረሻ ጀምሮ በሞንጁይክ ምሽግ ሆኖ የከዋክብትን ከፍታ ለካ። የሠራበት መሣሪያ በቦርዳ የተፈለሰፈው ተደጋጋሚ ክብ ነበር። ይህ መሣሪያ አንዱን ማዕዘን ደጋግሞ እየለካ ይደምርና ድምሩን ለልኬቶቹ ቁጥር ስለሚያካፍል የንባብን ስህተት ያሳንሳል። በ1793 በፈረንሳይና በስፔን መካከል ጦርነት ስለ ተነሣ፣ ሜሼን ወደ ምሽጉ እንዳይገባ ተከለከለ፤ ስለዚህ በከተማው ውስጥ ካረፈበት ቤት ሆኖ እንደገና ለካ። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው ርቀት በቅየሳ የታወቀ በመሆኑ ውጤቶቹ መስማማት ነበረባቸው። ነገር ግን ከሦስት የማዕዘን ሴኮንድ ጥቂት በሚበልጥ ተለያዩ። ይህም በምድር ገጽ ላይ 100 ሜትር ያህል ነው።

ሜሼን ልዩነቱን የራሱ ጥፋት አድርጎ ቆጠረው። በፓሪስ ለተሰበሰቡት ሊቃውንት የሞንጁይክን ውጤት ብቻ አቅርቦ ሁለተኛውን ሸሸገ፤ በማስታወሻዎቹ የነበሩትንም አንዳንድ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው እንዲቀራረቡ ለወጠ። የፕላቲኒየሙ ሜትር በ1799 ተረክቦ በመንግሥት መዝገብ ቤት ተቀመጠ። ሜሼን ግን ዕረፍት አላገኘም። ቅየሳውን ወደ ደቡብ ለማራዘም እንደገና ወደ ስፔን ሄዶ በ1804 በዚያው በትኩሳት ሞተ። ዴላምብር ከሞቱ በኋላ ማስታወሻዎቹን ሲመረምር ነገሩን ደረሰበት። የመጀመሪያዎቹን ቁጥሮች በሚቻለው ሁሉ መልሶ አገኘ፤ ማስታወሻዎቹንም ከራሱ ማብራሪያ ጋር ለፓሪስ የሥነ ፈለክ ተቋም አስረከበ።

፫. የስህተቱ ምንነት

በ1828 ኒኮሌ የተባለ ሊቅ ከራስ አናት በስተሰሜንና በስተደቡብ የሚያልፉትን ከዋክብት ለያይቶ እንደገና አሰላ። ከዚያም የሁለቱን ወገኖች አማካይ ሲወስድ ልዩነቱ ሊጠፋ ደረሰ። ስለዚህ ጥፋቱ የሜሼን የጥንቃቄ ጉድለት ሳይሆን፣ ሁሉንም ንባብ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያዘነብል የመሣሪያው እንከን ነበር። እንዲህ ያለው ስህተት ልኬትን ሺህ ጊዜ በመደጋገም አይጠፋም።

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይለያሉ። ተቀራራቢነት ማለት ተደጋጋሚ ልኬቶች እርስ በርሳቸው መስማማታቸው ነው፤ ልከኝነት ማለት ልኬቱ ለእውነተኛው መጠን መቅረቡ ነው። ሜሼን በየቦታው የተቀራረቡ ቁጥሮች ነበሩት፤ ልከኝነታቸውን ግን ተቀራራቢነታቸው አላረጋገጠም። ሜትሩም ራሱ ከታሰበው በ0.2 ሚሊ ሜትር ያህል አጥሯል። ለዚህ ዋናው ምክንያት የባርሴሎናው ልዩነት ሳይሆን የምድር ቅርጽ ከተገመተው የተለየ መሆኑ ነው። ዛሬ ሜትር የሚወሰነው በብርሃን ፍጥነት ሲሆን፣ ይህም ውሳኔ የተደረገው በ1983 ነው።

፬. ለትምህርት ቤት የሚሰጠው ትምህርት

ጫፉ በ3 ሚሊ ሜትር በተበላ ማስመሪያ ዐሥር ተማሪዎች አንድን ጠረጴዛ ከጫፉ ጀምረው ቢለኩ፣ ሁሉም 80.3 ሴንቲ ሜትር ያህል ሊያገኙ ይችላሉ። ጠረጴዛው ግን 80.0 ነው። መምህሩ ስምምነታቸውን አይቶ ቢያመሰግናቸው የሜሼንን ስህተት ይደግማል። በሌላ ማስመሪያ፣ ወይም ከ10 ሴንቲ ሜትር ምልክት ጀምረው እንዲለኩ ቢያደርግ ግን እንከኑ ይገለጣል።

ከዚህ የሚከፋው ተማሪው ያልገጠመለትን ቁጥር ፍቆ የሚጠበቀውን ሲጽፍ ነው። ይህን የሚያደርገው ብዙውን ጊዜ ነጥብ የሚሰጠው ለመጨረሻው መልስ ብቻ በመሆኑ ነው። ታላቁን ሊቅ ያሸነፈው የኀፍረት ስሜት ሕፃኑን ቢያሸንፈው አያስደንቅም። ስለሆነም መምህራን ንባብ ሁሉ ሳይፋቅ በደብተር እንዲመዘገብ፣ የተሳሳተውም በአንድ መስመር ተሰርዞ እንዲነበብ ሆኖ እንዲቆይ ቢያደርጉ መልካም ነው። የሥርዓተ ትምህርት አዘጋጆችም ነጥቡን ለአመዘጋገቡ፣ ለመሣሪያው ምርመራና ልዩነቱን ለማብራራት ጭምር ቢደለድሉ፣ ተማሪው ያልገጠመውን ቁጥር መሸሸጉን ትቶ ምክንያቱን መጠየቅ ይጀምራል። ሜሼን የሸሸገው ልዩነት ለኒኮሌ የመሣሪያን እንከን የማወቂያ መንገድ ሆኗል፤ ይህም የሆነው ዴላምብር ቁጥሮቹን ከመጥፋት ስላዳናቸው ነው።