በተክል ውስጥ የተሰወረው ባለመድኃኒት

ከደሴ በስተ ምዕራብ ያለውን ደጋ አቋርጦ መካነ ሰላም የደረሰ መንገደኛ፥ ከቦረናና ከሳይንት ምድር የደንቆሮን ጫካ ያገኛል። ጽድ፥ ኮሶና አስታ የሚበቅሉበት ይህ ጫካ በብሔራዊ ፓርክነት የተከለለ ነው።

የአገራችን መድኃኒት ዐዋቂ ቅጠል ሲበጥስ፥ ሥር ሲምስ፥ ፈውሱን የተክሉ የራሱ ሀብት አድርጎ ይቈጥረዋል። የሌላው ዓለም ሊቃውንትም ለብዙ ዘመን ከዚህ የተለየ አሳብ አልነበራቸውም። ይህ አሳብ እንዴት እንደ ተለወጠ ባጭሩ ልንገልጽ ወደድን፤ ዓመቶቹም በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1866 አንቶን ደ ባሪ የተባለው ጀርመናዊ ሊቅ በሕያው ተክል ውስጥ ለሚኖሩ ረቂቅ ፍጥረታት ስም ሰጣቸው። ከእነዚህ ብዙዎቹ የሻጋታ ወገን የሆኑ ፈንገሶች ናቸው፤ ተክሉን ሳያሳምሙ ከምግቡ ተካፍለው ይኖራሉ። በ1928 ደግሞ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በሎንዶን፥ በሳሕን ላይ የበቀለ ሻጋታ በዙሪያው የነበሩትን ባክቴሪያዎች ሲያጠፋ አየ፤ የፔኒሲሊንም ታሪክ ከዚህ ጀመረ። እንግዲህ በሳሕን ላይ ያለው ሻጋታ ባላጋራውን የሚያርቅበት መሣሪያ ካለው፥ በተክል ውስጥ የሚኖረው ዘመዱስ እንዴት ያጣል? በእርግጥም በ2009፥ በሕንድ አገር ከኒም ዛፍ ሥር የወጣ ፈንገስ ጃቫኒሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ ውሑድ እንደሚሠራ ተገለጸ።

ነገሩ ወደ አገራችንም ይደርሳል። በ1972 አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሞሪስ ኩፕቻንና ባልደረቦቹ፥ ከኢትዮጵያ ከተወሰደ የአጣጥ ዘር ሜይታንሲን የተባለውን ውሑድ አወጡ። ከእርሱ ተዋጽኦ የተሠራ የጡት ነቀርሳ መድኃኒትም በ2013 በአሜሪካ ተፈቀደ። በተከታዩ ዓመት ግን ሌላ ምሥጢር ተገለጠ፤ ይኸውም የአጣጥ ዘመድ በሆነ በደቡብ አፍሪካ ቍጥቋጦ ሥር ውስጥ ሜይታንሲንን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች መሆናቸው ነው። በዚህ ጊዜ ሠሪዎቹ ፈንገሶች ባይሆኑም፥ ትምህርቱ አንድ ነው፤ መድኃኒቱ የቤቱ ሳይሆን የተከራዩ ሆኖ ተገኘ።

ይህን ያወቀ ሰው ዛፍን በሌላ ዐይን ያያል። የተቈረጠውን ዛፍ በችግኝ እንተካለን፤ ነገር ግን ብዙዎቹ የውስጥ ነዋሪዎች ከአካባቢው አፈርና አየር የሚገቡ ስለ ሆኑ፥ በአዲሱ ችግኝ ውስጥ የቀድሞዎቹ ነዋሪዎች መልሰው ይሰፍራሉ ብሎ ዋስ የሚሆን የለም። ስለዚህ የደንቆሮ ጫካ ሲጠበቅ፥ ገና ያልተከፈተ የመድኃኒት ቤት እንደ ተጠበቀ ይቈጠር። መምህራንም ከተማሪዎቻቸው ጋር የአካባቢያቸውን ዕፀዋት በስማቸው መዝግበው ቢይዙ፥ ቍልፉን ለተከታዩ ትውልድ ያስረክባሉ።