ዓይኗ ሳለ እግሯ የከዳት

እስቲ ጠጋ በሉ፣ የሮዝዌልን ወሬ ላውጋችሁ። በራሪ ሳህን ወደቀባት የተባለችው የኒው ሜክሲኮዋ አይደለችም፤ የኛዋ ናት፣ ከአትላንታ በስተሰሜን፣ ከቻታሁቺ ወንዝ ማዶ ያለችው። እዚህ ከሰማይ የወረደ ጉድ የለም። ግን አውራ ጎዳና 400ን ይዛችሁ ቁልቁል ብትነዱ፣ ትራፊኩ ከማራችሁ፣ ጆርጂያ ቴክ ትደርሳላችሁ። የዚያ ግቢ ተማሪዎች ወደ ጨረቃ የምትሄድ መንኮራኩር ይነዱ ነበር።

ሉናር ፍላሽላይት ትባላለች። የእጅ ሻንጣ ታክላለች፣ ክብደቷ 14 ኪሎ። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 11 ቀን 2022 ከፍሎሪዳ ተነሳች። በጨረቃ ደቡብ ዋልታ ፀሐይ ገብቶባቸው የማያውቅ ጉድጓዶች አሉ፤ የሄደችው እዚያ በረዶ ልትፈልግ ነበር። ካሜራ የሰው ብርሃን ለቃሚ ነው፣ በድቅድቅ ጨለማ ምን ይሠራል? ስለዚህ የራሷን ብርሃን ይዛ ሄደች፦ ዓይናችን የማያየውን፣ ከቀዩ አለፍ ያለውን ኒር ኢንፍራሬድ የሚረጩ አራት ሌዘሮች። ደረቅ አፈር አራቱንም ይመልሳል፤ በረዶ ግን ሁለቱን ይውጣቸዋል። የጎደለው ሲታይ በረዶው ይታወቃል ማለት ነው።

ቀዳሚዋ ክሌመንታይን የተባለች መንኮራኩር ነበረች። በ1994 ስድስት ማጣሪያ ያለው የኒር ኢንፍራሬድ ካሜራ ይዛ ከሁለት ወር በላይ ጨረቃን ዞረች። ለኛ ዓይን ሁሉም ግራጫ ነው፤ በማጣሪያዎቹ ግን ፓይሮክሲን ያለው ድንጋይ አንዱን ጨረር ሲውጥ፣ ኦሊቪን ያለው ሌላውን ይውጣል፤ የማዕድን ካርታ ወጣ። ጨረቃን ለቃ ወደ አስትሮይድ ልታመራ ስትል፣ ሜይ 7፣ ኮምፒውተሯ ተሳስቶ ሞተሯን ከፈተ፣ ነዳጇ አለቀ፣ እየተሽከረከረች ቀረች። ካሜራው ምንም አልሆነም ነበር!

የኛዋ ሉናር ፍላሽላይትም እንዲሁ ሆነች። ከአራቱ ሞተሮች ሦስቱ ደከሙ፤ በ3ዲ ፕሪንተር በተሠራው የነዳጅ መስመር ፍርፋሪ ሳይጠራቀም አልቀረም ተባለ። ልጆቹ እጅ አልሰጡም። የነዳጁን ግፊት ከተፈቀደው በላይ አሳደጉ፤ መንኮራኩሯን እያሾሩ በአንዱ ደህና ሞተር ብቻ ሊገፏት ሞከሩ። ጥቂት ሠራ፣ እሱም ደከመ። ሜይ 12 ቀን 2023 ናሳ በቃ አለ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም፤ ግን ለዓይኑ የሚጨነቁትን ያህል ለቧንቧውም ቢጨነቁ ምናለ እላለሁ።

ሌዘሮቹ በጠፈር ተሞክረው ደህና ነበሩ። ናሳ በቃ ካለ ከአምስት ቀን በኋላ መንኮራኩሯ በምድር አጠገብ፣ በ65,000 ኪሎ ሜትር ርቀት፣ አልፋ ወደ ፀሐይ ምህዋር ሄደች።