የስኳር ሕመም መድኃኒቱ ፒዮግሊታዞንና የተጎጂዎች የካሣ መብት

ፒዮግሊታዞን ሁለተኛውን ዓይነት የስኳር ሕመም ለማከም በሐኪም ትዕዛዝ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በጁን 2011 መድኃኒቱን ከአንድ ዓመት በላይ መውሰድ ለሽንት ፊኛ ካንሰር የመጋለጥ ዕድልን ሊጨምር እንደሚችል አስጠንቅቋል። ፈረንሳይም በዚያው ወር በመድኃኒቱ መጠቀምን አግዳለች። አምራቹ የጃፓን ኩባንያ ታኬዳ እ.ኤ.አ. በ2015 ኃላፊነቱን ሳይቀበል፣ በአሜሪካ የቀረቡበትን ክሶች በ2.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ በስምምነት ለመጨረስ ወስኗል።

በሀገራችን በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2085፣ ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል። ይሁንና በአንቀጽ 2143 መሠረት የካሣ ክስ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል። ካንሰር ብዙ ጊዜ ዘግይቶ የሚታወቅ በሽታ በመሆኑ ማስረጃን አስቀድሞ መያዝ ወሳኝ ነው።

ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር የሚገኙት የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ነዋሪዎች የሐኪም ማዘዣውን በአዲስ አበባ፣ መድኃኒቱን ደግሞ በአካባቢያቸው ሊያገኙ ስለሚችሉ ማስረጃው በቀላሉ ይበታተናል። ስለሆነም የማዘዣውን ቅጂ፣ ደረሰኙንና የምርት መለያ ቁጥሩ ያለበትን ማሸጊያ ማስቀመጥ ይገባል።

በሽንቱ ውስጥ ደም ያየ ታካሚ መድኃኒቱን በራሱ ውሳኔ ሳያቋርጥ ሐኪሙን ሊያማክር ይገባል። የጤና ባለሙያውም የተጠረጠረውን ጉዳት በቢጫው ቅጽ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እንዲያሳውቅ ይጠበቃል።