ጫካ አፍ የለው፤ ታዲያ ማን አቤት ይልለታል?

ከሚዛን ተፈሪ ተነስታችሁ፣ ቴፒን አልፋችሁ ወደ ምዕራብ ብትዘልቁ ጎደሬ ወረዳ ትደርሳላችሁ። ጋምቤላ ክልል ውስጥ ያለ የማጃንግ ሕዝብ አገር ነው። ማጃንጎች ቀፏቸውን ረጃጅም ዛፎች ላይ ይሰቅላሉ። በዛፎቹ ጥላ ሥር ደግሞ ቡና ይበቅላል። ዛፉ ከተቆረጠ ማሩም ቡናውም አብረው ሄዱ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2010 መንግሥት በዚህ ወረዳ 3,012 ሔክታር መሬት ለሻይ እርሻ ለአንድ የሕንድ ኩባንያ ለ50 ዓመት አከራየ። ነዋሪዎቹ ዝም አላሉም። ተወካዮቻቸውን አዲስ አበባ ድረስ ልከው ለፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ አቤት አሉ። ለምን ለእሳቸው? ግርማ “ለም ኢትዮጵያ” የተባለውን የአካባቢ ጥበቃ ማኅበር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ነበሩ።

ፕሬዚዳንቱ ነገሩ እንዲቆም ለአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጻፉ። በዶ/ር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ይመራ የነበረው ባለሥልጣኑም ሐሳቡን ደግፎ ለግብርና ሚኒስቴር ጻፈ። እንግዲህ ሎቢ ወይም ውትወታ የሚባለው ይኸው ነው፤ ጉዳያችሁን የሚረዳ፣ ድምፁም ከእናንተ ይልቅ የሚሰማ ሰው ፈልጋችሁ እሱ ለወሳኙ አካል እንዲናገርላችሁ ማድረግ።

ታዲያ ተሳካ? አልተሳካም። ኪራዩ ጸና፤ ምንጣሮውም ቀጠለ። በአገራችን ሕገ መንግሥት የፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ውስን ነው፤ ውሉ ደግሞ በግብርና ሚኒስቴር እጅ ነበር። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ሕግ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ይከለክል ነበር። እስከ 2019 አልተሻረም።

ነገር ግን ሌላም መንገድ ነበር። በጎረቤት ሸካ ዞን “መልካ ኢትዮጵያ” የተባለው ድርጅት ከነዋሪዎቹ ጋር ሠርቶ፣ የሸካ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዘገበ። በ2017 የማጃንግ ጫካም ተራው ደረሰው። በባዮስፌር ካርታ ላይ ማንም የማይነካው ዋና ቀጠና አለ፤ ዙሪያውን ጫካውን ሳይጎዱ የሚጠቀሙበት ቀጠና፣ ከዚያ ውጭ ደግሞ የእርሻና የመኖሪያ ቀጠና ይከተላል።

ዩኔስኮ ግን ዘበኛ አያቆምም። ያንን መስመር የሚያስከብሩት የአገሪቱ ሕግና የአካባቢው ሰው ናቸው። የጎደሬዎቹ አቤቱታ ውሉን ባያስቀርም፣ እስከ ፕሬዚዳንቱ ድረስ መንገዱን አሳይቶናል። ካርታው ከውሉ ቀድሞ ቢሆን ኖሮስ? እስቲ አስቡት።