ከኩባያ ወደ ግራም፦ የወጥ ቤት ልኬት እንዴት ይቀየራል?

ለምግብ ሥራ የሚውል ማንኛውም ነገር የሚለካው በይዘት ወይም በክብደት ነው። ይዘት በኩባያ፣ በማንኪያ፣ በስኒ ወይም በጣሳ ይሰፈራል፤ ክብደት ደግሞ በሚዛን ተመዝኖ በግራም ይነገራል። በአሜሪካ የሚታተሙ የምግብ አዘገጃጀት መመሪያዎች በአብዛኛው ኩባያን ሲጠቀሙ፣ የአውሮፓዎቹ ግራምን ይመርጣሉ። በኢትዮጵያውያን ቤት ደግሞ መለኪያው ብዙ ጊዜ ጣሳ፣ ስኒ ወይም የባለሙያዋ እጅ ነው። ከአገሩ ርቆ የእናቱን ድፎ ዳቦ ለመጋገር የሚሞክር ሰው ሦስቱን ማስታረቅ ይኖርበታል።

ኩባያ የሚለካው ቦታን እንጂ ክብደትን አይደለም። አንድ የአሜሪካ ኩባያ 237 ሚሊ ሊትር ያህል ይይዛል። በዚሁ ኩባያ የተሰፈረ ውሃ 237 ግራም፣ ስኳር 200 ግራም፣ ቅቤ 227 ግራም፣ ማር 340 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ የስንዴ ዱቄት ግን ከ120 እስከ 125 ግራም ብቻ ነው። የልዩነቱ ምክንያት እፍግታ ነው። በመሆኑም ለሁሉም የሚያገለግል አንድ ማባዣ ቁጥር የለም።

ኩባያውም ቢሆን በየአገሩ ይለያያል። የአውስትራሊያ ኩባያ 250፣ የጃፓን 200 ሚሊ ሊትር ነው። የሾርባ ማንኪያ በአሜሪካ 15 ሚሊ ሊትር ያህል ሲሆን፣ በአውስትራሊያ 20 ነው።

ይበልጥ የሚያሳስተው ዱቄት ነው። በማንኪያ እየተጨመረ አፉ በቢላዋ ሲስተካከል 120 ግራም የሚመዝን አንድ ኩባያ፣ በቀጥታ ከከረጢቱ ሲዛቅ 150 ግራም ሊደርስ ይችላል። አራት ኩባያ በሚጠይቅ ዳቦ ልዩነቱ 120 ግራም፣ ማለትም አንድ ሙሉ ኩባያ ይሆናል። በዚያው ውሃ የተቦካው ሊጥ ይጠጥራል፤ ዳቦውም ይደርቃል።

ጨውም ጥንቃቄ ይሻል። አንድ የሻይ ማንኪያ ደቃቅ ጨው 6 ግራም ገደማ ሲሆን፣ ፍሬው ትልልቅ የሆነ ጨው ግን በዚያው ማንኪያ ግማሹን ያህል ብቻ ሊመዝን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው እንዲጠቀሙ ስለሚመክር፣ ልዩነቱ ከጣዕም ያለፈ ትርጉም አለው።

መጠኑ የማይታወቅ የቤት ጣሳ ወይም ስኒ ቢኖር መፍትሔው ቀላል ነው። ዕቃው ባዶውን ሚዛን ላይ ተቀምጦ ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ ከዚያም ውሃ ይሞላበታል። አንድ ሚሊ ሊትር ውሃ አንድ ግራም ያህል ስለሚመዝን፣ የሚነበበው ቁጥር የዕቃው ይዘት ነው። ቀጥሎ ዕቃው በደንብ ደርቆ በጤፍ ወይም በሌላ ዱቄት ሦስት ጊዜ ተሰፍሮ ይመዘንና አማካዩ ይያዛል። እርሾን ለመሰለ ጥቂት ነገር ግን ተራ የወጥ ቤት ሚዛን ትክክለኛ ስለማይሆን የሻይ ማንኪያ ይሻላል።

በእጅ መጠን የምትሠራ ባለሙያ ልማዷን መተው አያስፈልጋትም። የምታቦካበት ሳህን ሚዛን ላይ ከተቀመጠ፣ እርሷ እንደወትሮዋ በእጇ ስትጨምር ሌላ ሰው ቁጥሩን ይመዘግባል። በዚህ መንገድ የተጻፈው ልኬት በዋሽንግተንም ሆነ በዱባይ ለሚኖሩ ልጆቿ ያገለግላል።